ግርሻና ፋታ፦ ከሉፐስ ጋር ለሚኖሩ የሚያስፈልጉ ሁለት ቃላት

ሉፐስ የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት ተሕዋስያንን ሊዋጋበት የሚገባውን ኃይል በገዛ አካሉ ላይ በማዞር ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ኩላሊትን፣ ደምን፣ ልብንና ሳንባን የሚያጠቃበት ሥር የሰደደ ሕመም ነው። ቃሉ በላቲን «ተኩላ» ማለት ሲሆን፣ የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች ፊትን የሚያቆስሉ የቆዳ ሕመሞችን በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። ሞሪትዝ ካፖዚ የተባለው ሐኪም በ1872 እ.ኤ.አ. ሕመሙ ከቆዳ አልፎ ሌሎች የሰውነት ክፍሎችንም እንደሚጎዳ ገልጿል። ሉፐስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ከታማሚ ጋር አብሮ በመብላትም ሆነ በመተኛት አይጋባም። ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ሴቶች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹም ሕመሙ የሚጀምራቸው በመውለጃ ዕድሜያቸው ነው።

ሐኪሞች «ፍሌር» የሚሉት፣ ተዳፍኖ የነበረው ሕመም እንደገና የሚነሣበት ወቅት በአማርኛ «ግርሻ» ቢባል፣ ሕመሙ ጋብ የሚልበት ጊዜም «ፋታ» ቢባል ሐሳቡ በትክክል ይገለጻል። ግርሻ የሚለው ቃል በቅማል ለሚተላለፈው ተመላላሽ ትኩሳትም ስለሚነገር፣ የሉፐስ ግርሻ ከተሕዋስያን የሚመጣ ሳይሆን ከራሱ ከተከላካይ ሥርዓቱ መቆጣት የሚነሣ መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። ሉፐስን ፈጽሞ የሚያጠፋ መድኃኒት እስከ ዛሬ ባይገኝም ግርሻውን ማሳነስና ፋታውን ማርዘም ይቻላል፤ ከሕመሙ ጋር ደኅና ኑሮ መኖር ማለትም ይኸው ነው።

ግርሻ ከመባባሱ በፊት ምልክት ያሳያል። ከወትሮው የተለየ ድካም፣ ጠዋት ጠዋት የጣቶች መገጣጠሚያ ማበጥና መገተር፣ ያለ ምክንያት የሚመላለስ ትኩሳት፣ የፀጉር መርገፍ፣ የአፍ ውስጥ ቁስል፣ እንዲሁም ከአንዱ ጉንጭ በአፍንጫ ድልድይ ላይ አልፎ ወደ ሌላው ጉንጭ የሚዘልቅ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ሽፍታ ከምልክቶቹ ዋነኞቹ ናቸው። ሽፍታው በጠቆረ ቆዳ ላይ ከመቅላት ይልቅ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ሐምራዊ ስለሚያደላ ብዙ ጊዜ ከማዲያት ጋር ይምታታል፤ ማዲያት ግን መገጣጠሚያን አያሳብጥም፣ ትኩሳትም አያመጣም።

አዲስ አበባን ከበው ለሚገኙት የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ነዋሪዎች ግርሻን ለመከላከል ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው ፀሐይ ነው። ሦስቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኙና ግርሻ የሚቀሰቅሰው አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ብርዳማው የሱሉልታ አየር ፀሐይዋን ደካማ ቢያስመስላትም ጨረሯ ግን ከባሕር ዳርቻው የበረታ ነው። ስስ ደመናም አብዛኛውን ጨረር ስለሚያሳልፍ በክረምትም መዘናጋት አይገባም። ስለዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥላ መፈለግ፣ ጃንጥላ መያዝ፣ እጅጌው ረጅም የሆነና ጥብቅ ሽመና ያለው ልብስ መልበስ ይረዳል፤ ስስ ነጠላ ብቻውን በቂ መከላከያ አይደለም። በጉሊት ተቀምጣ የምትሸጥ ታማሚም ዳሷን በወፍራም ሸራ ብትሸፍን የሕክምናዋን አንድ ክፍል በእጇ እንደ ፈጸመች ይቆጠራል።

ሁለተኛው መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድ ነው። ለአብዛኞቹ ታማሚዎች የሚታዘዘው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ከወባ መድኃኒቱ ከክሎሮኪን ወገን ሲሆን፣ ኃይሉ የሚታወቀው ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ስለሆነ «አልሠራልኝም» ብሎ መተው ግርሻን መጋበዝ ነው። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ የዓይን ብርሃን ተቀባይ ክፍልን ሊጎዳ ስለሚችል በመጀመሪያ፣ ከ5 ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ ዓይንን መታየት ያስፈልጋል። ሌላውን የሉፐስ መድኃኒት፣ ፕሬድኒሶሎንን፣ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆመው ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ ሊደርስበት ስለሚችል መጠኑ የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው። ኮትራይሞክሳዞል የተባለው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትም ግርሻ ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ታማሚው ከመድኃኒት ቤት ማንኛውንም ነገር ከመግዛቱ በፊት ሉፐስ እንዳለበት መናገር አለበት።

ሦስተኛው ክትትል ነው። ሉፐስ ኩላሊትን ሲያጠቃ መጀመሪያ ላይ ላያሳምም ስለሚችል የሽንት፣ የደምና የደም ግፊት ምርመራ ደኅና በሚሆኑበት ጊዜም አይቋረጥም። የጅማን፣ የአምቦንና የጎጃምን መንገድ ይዘው ወደ አዲስ አበባ የሚገቡት የሦስቱ ከተሞች ታማሚዎች እንደ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ወዳሉ ከፍተኛ ሆስፒታሎች ሲላኩ፣ የመድኃኒቶቻቸውን ስምና መጠን እንዲሁም የቀድሞ የምርመራ ውጤቶቻቸውን በአንድ ደብተር አሰባስበው ቢይዙ ሐኪሙ ግርሻውን ከቀድሞው ጋር ለማነጻጸር ይመቸዋል። የእግርና የፊት እብጠት፣ አረፋ የሚበዛበት ሽንት፣ የደረት ውጋት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአእምሮ መደናገር ሲታይ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሕክምና መሄድ ግድ ነው።

እናት ለመሆን የምትመኝ ታማሚም ተስፋ አትቁረጥ፤ ፋታው ቢያንስ 6 ወር ከዘለቀ በኋላ ከሐኪሟ ጋር ተመካክራ ብትፀንስ አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ትገላገላለች። ጾምን በተመለከተ የታመመ ሰው ከንስሐ አባቱ ወይም ከሃይማኖት መምህሩ ጋር መነጋገር ይችላል፤ ጸበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መጠመቅ ይችላል።

በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ከምርመራው በኋላ 5 ዓመት አይኖሩም ነበር፤ ዛሬ ጥሩ ክትትል በሚገኝበት ቦታ ከ10 ታማሚዎች ከ9 በላይ የሚሆኑት ከዚያ አልፈው ይኖራሉ። የሉፐስ ድካም በዓይን ስለማይታይ ብዙ ታማሚዎች «ሰነፍ» ተብለው ይታማሉ። ስለዚህ ቤተሰብ፣ ጎረቤትና አሠሪ ድካሙ እውነተኛ መሆኑን አምነው የእንስራውን ውኃና የቀትሩን ሥራ ሊያግዙ፣ ታማሚዋም እርዳታ መጠየቅን እንደ ውርደት ሳትቆጥር ሕክምናዋን በትዕግሥት ልትቀጥል ይገባል።