«የሐራጅ ቋንቋ»፦ ለአንድ የብሪጅ ቃል የቀረበ አቻ

ብሪጅ የሚባለው የካርታ ጨዋታ አራት ሰው ይፈልጋል። ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለት ሁለቱ አጋሮች ናቸው፤ 52ቱ ካርታ ለእያንዳንዱ 13 ይታደላል። ካርታ መጣል ከመጀመሩ በፊት ግን ጥንዶቹ «ይህን ያህል ዙር እናሸንፋለን» እያሉ ይፎካከራሉ። በዚህ ፉክክር አጋሮች እጃቸው ላይ ያለውን የሚነጋገሩበት የስምምነት ስብስብ «ቢዲንግ ሲስተም» ይባላል። ቃል በቃል ቢመለስ «የጨረታ ሥርዓት» ይሆናል። እኔ ግን «የሐራጅ ቋንቋ» ቢባል እመርጣለሁ። ምክንያቱም ጨረታ የሚለው ቃል አንባቢውን ወደተሳሳተ ቦታ ይወስደዋል። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ለሊዝ ቦታ ለተወዳደረ ሰው ጨረታ ማለት በታሸገ ፖስታ የገባ ዋጋ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የከተማ ቦታ የሚተላለፈው በጨረታ ወይም በምደባ ነው ብሎ ደንግጎ ነበር፤ በጨረታው ደግሞ ፖስታው እስኪከፈት ዋጋው ምስጢር ነበር። ብሪጅ ላይ ጥሪው ሁሉ በይፋ ነው፤ አዲስ ዋጋ የሚጠራም ካለፈው መብለጥ አለበት። ይህ ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት ለሚሸጥበት ሐራጅ ይቀርባል። እርግጥ ሐራጅ ላይም ተጫራቾች ቢመሳጠሩ ጥፋት ነው፤ በብሪጅ ግን አጋሮች ተስማምተው መምጣታቸው የጨዋታው እምብርት ነው። «ቋንቋ» የሚለው ቃል የተጨመረው ይህን ለመግለጽ ነው።

ቋንቋ መሆኑ በአንድ ምሳሌ ይታያል። አጋሩ «አንድ ኖትራምፕ» (የበላይ ቀለም የሌለው ጥሪ) ብሎ ሲከፍት «ሁለት ክለብ» ብሎ የሚመልስ ተጫዋች ስለ ክለብ ካርታዎቹ አያወራም፤ «አራት ልብ ወይም አራት ስፔድ አለህ ወይ?» እያለ ነው። ሰምና ወርቅ ነው ብሎ ማለፍ ያምራል፣ ግን ያሳስታል። ቅኔ ሰሚው ወርቁን በራሱ እንዲፈታ ይተወዋል፤ ብሪጅ ላይ ወርቁን መደበቅ ክልክል ነው። የጨዋታው ሕግ አንቀጽ 40 ጥንድ ከተጋጣሚው የተሰወረ ስምምነት እንዳይኖረው ያዛል። ተጋጣሚ ሲጠይቅ የሚያስረዳውም ጠሪው ራሱ ሳይሆን አጋሩ ነው። የልጆች የወፍ ቋንቋ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ቦታ የለውም።

ሁሉም ግልጽ ከሆነ ታዲያ የሚከለከል ቋንቋ ለምን ይኖራል? እ.ኤ.አ. በ1958 የተመሠረተው የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን ቋንቋዎቹን አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ ብሎ ይመድባል። ቢጫው እጅግ እንግዳ የሆኑትን ይይዛል፤ ለምሳሌ «ፓስ» (አልፋለሁ) ማለት ደካማ ሳይሆን ጠንካራ እጅ የሚያመለክትባቸውን። እንዲህ ያለውን ነገር መግለጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ መከላከያውን መስማማት ግን ሰዓታት ይፈልጋል። ስለዚህ ተጋጣሚ አስቀድሞ አውቆ በሚዘጋጅበት ረጅም የቡድን ግጥሚያ ሊፈቀድ ይችላል፤ ጥንዶች በየጥቂት ደቂቃው በሚለዋወጡበት ውድድር ግን ይከለከላል። ደንቡ ፈጠራን ይቀጫል የሚሉ አሉ፤ በከፊል እውነታቸውን ነው። ነገር ግን አሸናፊነት በተሻለ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ባላጋራን በማደናገር ከሆነ ግልጽነቱ የወረቀት ላይ ብቻ ይሆናል። ይህን ደንብ «የሐራጅ ቋንቋ ደንብ» ብንለው ምን እንደሚገዛ ራሱ ይናገራል።

«ሲስተም» አማርኛ ሆኗልና እንዳለ ይቆይ የሚል ሙግት ይቀራል። ካዛንቺስም የመጣው «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው የጣሊያን የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች ስያሜ ነው፤ ማንም አይቸገርበትም። ለሰፈር ስም ይህ ይበቃል፤ ካዛንቺስ የሚል ሰው ትርጉሙን ሳያውቅ ቤቱ ይገባል። በደንብ የሚዳኝ ተጫዋች ግን የተከለከለው ነገር ምን እንደሆነ ከቃሉ መረዳት አለበት። ፓስና ኖትራምፕ እንዳሉ ቢቆዩ ግን አልከራከርም።