የከተማ ቦታ ሕግና የቤት እጥረት፤ ከርስት እስከ ሊዝ

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፥ የቦታ ሕግ በተለወጠ ቁጥር የመኖሪያ ቤት ቁጥር ስለ ምን በሚፈለገው መጠን እንዳልበዛ ነው። ነገሩን በሰቆጣና በአበርገሌ በኩል መመልከታችን ችግሩ የአዲስ አበባ ብቻ መስሎ እንዳይታይ ነው።

በቀድሞው ዘመን በዋግ መሬት በርስት ይያዝ ነበር። ርስት ከአባትም ከእናትም በዘር የሚወርድ ስለሆነ ለባዕድ በቀላሉ አይሸጥም ነበር። ሰቆጣ ግን የአሞሌ ጨው ነጋዴዎች የሚያርፉባት ገበያ ነበረችና ዘመድ የሌለው እንግዳም ማደሪያ ያስፈልገው ነበር። በአዲስ አበባ በ1900 ዓ. ም. ገደማ በወጣው ደንብ ቦታ መሸጥና መለወጥ ተፈቀደ፤ ዳሩ ግን ሰፊው ቦታ በጥቂት ባለርስቶች እጅ ገብቶ ብዙው ሕዝብ ተከራይ ሆነ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ፈቀደ፤ ኪራይም ቀነሰ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች ቀበሌዎች ተረከቡ። ይህ ለድኻው ተከራይ እፎይታ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ኪራዩ ለጥገና አልበቃም፤ ለማከራየት ብሎ አዲስ ቤት የሚሠራም ታጣ።

በ1986 ዓ. ም. የሊዝ ሥርዓት ተጀመረ፤ በ2004 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721ም ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ እንዲሰጥ፥ ለመኖሪያ ቤት ዘመኑ 99 ዓመት እንዲሆን ደነገገ። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። በከተማ ዳር ያለ ገበሬ መሬቱን ለቤት ሠሪ መሸጥ አይችልም፤ መሬቱን አስለቅቆ፥ ካሣ ከፍሎ፥ መንገድና ውኃ አስገብቶ የሚያስረክበው መንግሥት ብቻ ነው። በ1997 ዓ. ም. አዋጅ ቁጥር 455 የገበሬውን ካሣ በዓመታዊ ገቢው አሥር እጥፍ አሰላ፤ በ2011 ዓ. ም. አዋጅ ቁጥር 1161 ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አደረገው። ገበሬው ግን መሬቱ በሊዝ የሚያወጣውን ዋጋ እያየ፥ ካሣውን ከመጠበቅ በስውር መሸጥን ይመርጣል። የጨረቃ ቤት የሚበዛውም ስለዚህ ነው።

እንደ ኒሯቅ ላለች ትንሽ ከተማ ካሣውንና መሠረተ ልማቱን አስቀድሞ መክፈል ከባድ ሸክም ነው። በ2014 ዓ. ም. በጦርነቱ ምክንያት ከአበርገሌ የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች በሰቆጣ ሲጠለሉ፥ የቤት ጉዳይ ቀጠሮ የማይሰጥ መሆኑ ታይቷል።

እንግዲህ ባለርስቱም፥ ቀበሌውም፥ ሊዙም በየተራ በሩን አንድ አድርገውታል። በእኛ አስተያየት ክርክሩ መሬቱ የማን ይሁን በሚለው ብቻ ሳይወሰን፥ ለቤት የተዘጋጀ ቦታ በስንት በር፥ በምን ፍጥነትና በምን ዋጋ ይወጣል ወደሚለው ሊመለስ ይገባል።