የቤተሰብ ታሪክ ፍለጋ በኢትዮጵያ፦ በአነስተኛ ወጪ ትውልድን ማጥናት

የቤተሰብ ታሪክ ፍለጋ የወላጆችን፣ የአያቶችንና የቅድመ አያቶችን ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ጋብቻና ዕረፍት አሰባስቦ በቅደም ተከተል የማስፈር ሥራ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ፈላጊው በደብር መዝገብና በሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ይጀምራል፤ ለብዙዎቹ የድረ ገጽ ማኅደሮችም ይከፍላል። በኢትዮጵያ ዕውቀቱ በአብዛኛው የሚገኘው በሽማግሌዎች ቃልና በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ስለሆነ ዋናው ወጪ የመጓጓዣና የስልክ ሒሳብ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው በዚህ ሥራ ከሌለው ብዙም አይቀድምም፤ የሚቀድመው አዛውንቶቹ በሕይወት ሳሉ የጠየቀ ነው።

ትውልድ ለምን ይቆጠር ነበር

ማንኛውም የቃል ሐረግ የተያዘበት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ያላወቀ ፈላጊ ደግሞ የተነገረውን ሁሉ በእኩል ሚዛን ያምናል። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል፣ በተለይ በጎጃምና በጎንደር፣ ትልቁ ምክንያት ርስት ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዱን ያስረዳ ሰው፣ በአባቱም ይሁን በእናቱ በኩል፣ ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበረው። አንድ ገበሬ በብዙ አቅኚ አባቶች ስም በተለያየ ቦታ ሊሟገት ይችል ስለነበር ትውልድ ቆጣሪ ሽማግሌ በክርክር ጊዜ የሚፈለግ፣ የሚከበር፣ አንዳንዴም የሚፈራ ሰው ነበር። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በጎጃም ዳሞት ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው ጥናት ይህንን አሠራር በዝርዝር ያሳያል።

ነገሩ ሁለት መዘዝ አለው። መሬት የሚያስገኝ አያት ስሙ ሲታወስ፣ መሬት የማያስገኝ አያት ቀስ በቀስ ይረሳል፤ ክርክር ለመርታት ሲባልም ሐረግ የሚቀጠልበት ጊዜ ነበር። ሁለተኛው የዘመን ጉዳይ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ርስትን ሲያስቀር የቆጠራው ዋና ጥቅም አብሮ ቀረ። ከአዋጁ በፊት ለአካለ መጠን ደርሰው የርስት ክርክር የሰሙ ሰዎች ዛሬ በሕይወት ካሉ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ አብዛኞቹም አልፈዋል።

ጋብቻ ሌላው ምክንያት ነው። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዘንድ እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ ሰዎች እንዳይጋቡ ከእጮኝነት በፊት የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ትውልድ ይቆጥራሉ። ቤተ እስራኤላውያንም ይህንኑ ልማድ ይዘው እስራኤል ገብተዋል። በወላጆች ሰርግ ጊዜ ዝምድና የቆጠረው ማን እንደነበር መጠየቅ ብዙ ጊዜ የቤተሰቡን ዋና አዋቂ ያስገኛል። በኦሮሞና በሶማሌ ማኅበረሰብ ቆጠራው በአባት መስመር ይወርዳል፤ ልጆች ከአሥር የሚበልጡ አባቶችን ስም በቃላቸው ይይዛሉ፤ ሶማሌዎች ይህንን አብቲርሲ ይሉታል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ የእናቶች መስመር አይታይም። በኦሮሞ ዘንድ በሞጋሳ ጎሳ፣ በጉዲፈቻ ደግሞ ልጅ እንደ ተወላጅ ሆኖ ስለሚገባ በሐረጉ ውስጥ ያለ ስም ሁሉ የሥጋ ዝምድናን አያመለክትም። ባህሉ ሙሉ ልጅ የሚያደርገውን ሰው ፈላጊው በደም መለኪያ ማውጣት የለበትም፤ መመዝገብ ያለበት ግንኙነቱ እንዴት እንደተፈጠረ ነው።

በጥቅሉ እስከ አራትና አምስት ትውልድ ድረስ ያለው ዝርዝር ከተለያዩ ዘመዶች ተጠይቆ ሊመሳከር ይችላል። ከዚያ በላይ ሲወጣ ስሞች ይዋሃዳሉ፣ ትውልዶች ይዘለላሉ፣ ሁሉም ሐረግ ወደ አንድ ዝነኛ ባላባት ወይም ንጉሥ ማዘንበል ይጀምራል። ወደ ሰሎሞን የማይደርስ ቤተሰብ ማግኘት አንዳንዴ ያስቸግራል።

ከቤት መጀመር

የኢትዮጵያ አጠራር ለፈላጊው ያለ ወጪ ብዙ ይሰጣል። ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል፤ ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም። ስለዚህ የአባትና የእናት መታወቂያ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ስድስት ስም ይገኛል፦ ሁለቱ ወላጆች፣ ሁለቱ ወንድ አያቶች፣ ሁለት ቅድመ አያቶች። የሌሉት ሴት አያቶች ናቸው። በወረቀት የማይገኙት እነርሱ በመሆናቸው ለአዛውንት የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ እነርሱ ቢሆን ይመረጣል፦ የማን ልጅ ነበሩ፣ ከየትኛው አገር መጡ፣ ወንድሞቻቸው እነማን ናቸው።

ስም ግን አንድ ብቻ አይደለም። ከመጠሪያ ስም ሌላ የክርስትና ስም፣ የቤት ስም፣ ለወታደርና ለመኳንንት የፈረስ ስም አለ፤ በአንዳንድ አካባቢ ሙሽራ በባሏ ወላጆች ቤት አዲስ ስም ይወጣላታል። ዳግማዊ ምኒልክ በክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም፣ በፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው ናቸው። ተራው ቤተሰብ ውስጥም አንዲት አያት በልጆቿ አንደበት አንድ፣ በትውልድ መንደሯ ሌላ፣ በፍትሐትና በተዝካር ጸሎት ሦስተኛ ስም ሊኖራት ይችላል። ሦስቱን ያላወቀ ሰው አንዷን ሴት ሦስት አድርጎ ይመዘግባል። የክርስትና ስም የሚያስታውሱት የነፍስ አባትና ለተዝካር ስም የሚሰጡት የቤቱ ሴቶች ናቸው።

ቀጥሎ ሣጥኑ ይከፈታል። የግብር ደረሰኝ፣ የጋብቻ ውል፣ ኑዛዜ፣ የትምህርት ቤት ወረቀት፣ የጡረታ ደብተር፣ ከጀርባቸው የተጻፈባቸው ፎቶግራፎች በብዙ ቤት አሉ። በዳዊት ወይም በመጽሐፍ ቅዱስ፣ በሙስሊም ቤት ደግሞ በቁርዓን ባዶ ገጽ ላይ የልጆች ልደት የሚጻፍበት ልማድ ነበር። የክርስትና ምስክር ወረቀት ከተገኘ የልደት ቀን በቅናሽ ይወጣል፤ ወንድ በ40ኛው፣ ሴት በ80ኛው ቀን ትጠመቃለችና። ይህንን ሁሉ በስልክ ካሜራ በደህና ብርሃን ማንሳት ይበቃል። ዋናውን ወረቀት ከባለቤቱ እጅ መውሰድ ዘመድ ያጣላል፤ ለማስመለስም የሚፈጀው ጊዜ ብዙ ነው።

አዛውንትን መጠየቅ

ሁለት አዛውንቶችን አብሮ ማስቀመጥ ለየብቻ ከመጠየቅ ይሻላል፤ አንዱ ሲስት ሌላው ያርማል፤ ክርክራቸው ራሱ መረጃ ነው። ለቅሶ ቤት ዘመድ ሁሉ ስለሚሰበሰብ ያጓጓል፤ ነገር ግን እዚያ መስማት እንጂ መጠየቅ ተገቢ አይደለም። ጥሩ አልቃሽ የሟቹን ወገን እየጠራች ስታስለቅስ በወረቀት የማይገኝ ዝምድና ይሰማል። ጥያቄው ለሰርግ፣ ለክርስትና ወይም ለተዝካር ማግስት ይቆይ።

«መቼ ተወለዱ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ግምት ያመጣል። የሚሻለው ዘመኑን በሚታወቅ ክስተት ማሰር ነው፦ ክፉ ቀን (ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ያሉት የረኃብ ዓመታት)፣ የዓድዋ ዘመቻ (1888)፣ የሰገሌ ጦርነት (1909)፣ የኅዳር በሽታ (1911)፣ የጣልያን ወረራ (ከ1928 እስከ 1933)፣ የታኅሣሥ ግርግር (1953)። «ኅዳር በሽታ ሲገባ እናቴ ጡት ትጠባ ነበር» የሚል ቃል በቀበሌ መታወቂያ ላይ በግምት ከተጻፈ ዓመት የበለጠ ዋጋ አለው።

አዛውንቶች፣ የድሮ ጽሑፎችም፣ ዓመትን በወንጌላዊ ስም ይጠራሉ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለአራት ሲካፈል አንድ ከተረፈ ዘመነ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 1911 ዓ.ም. በዚህ ስሌት ዘመነ ሉቃስ ይሆናል። ስለዚህ «ከኅዳር በሽታ በኋላ በዘመነ ማርቆስ ተወለደ» የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚፈለገው በ1914 ዓ.ም. ነው።

አንዳንድ ቤተሰብ የማይናገረው ነገር አለው። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ስለሆነ ከጌታና ከባሪያ ወገን የተወለዱ ቤተሰቦች ትዝታ ሩቅ አይደለም። ከሸማኔ፣ ከቀጥቃጭ ወይም ከሸክላ ሠሪ መወለድን የደበቁም፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅን በአያት ስም ያስጠሩም አሉ። ከዚህ በላይ የዘር ጥያቄ ከፖለቲካ ጋር ተያይዞ ስለሚታይ በማስታወሻ ደብተር የሚመዘግብ እንግዳ ጥርጣሬ ያስነሳል። በዘመድ አስተዋዋቂነት መሄድ፣ መቅረጫ ከመክፈት በፊት ማስፈቀድ፣ «ይህን አትጻፍ» የተባለውን አለመጻፍ ግድ ነው።

መዛግብት

በኢትዮጵያ የሲቪል ምዝገባ ወጣት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንዲኖር ቢደነግግም አፈጻጸሙ ለሌላ ጊዜ ተላልፎ ነበር። ወሳኝ ኩነቶችን ለመመዝገብ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004፣ አገር አቀፍ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 የተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራዎች ለስታቲስቲክስ እንጂ የግለሰብ ዘመድ ለመፈለግ ክፍት አይደሉም።

ስለዚህ ፈላጊው ለሌላ ዓላማ የተጻፉ መዛግብትን ይጠቀማል። ከሁሉ የሚበልጠው፣ ሰዎች እምብዛም የማያስቡት፣ የውርስ ፋይል ነው። አንድ ሰው የወራሽነት ማረጋገጫ ሲጠይቅ የሟቹን ስም፣ የሞተበትን ጊዜ፣ ልጆቹንና የትዳር ጓደኛውን ይገልጻል፤ ምስክሮችም ይቆጠራሉ። በሙስሊም ቤተሰቦች ይህ ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ይታያል። የውሳኔው ግልባጭ ብዙ ጊዜ ከወራሾቹ በአንዱ ቤት ስለሚገኝ ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት ዘመድ መጠየቅ ገንዘብም ድካምም ይቆጥባል። የእድር መዝገብ ሁለተኛው ነው፤ ለየትኛው ዘመድ ሞት ገንዘብ እንደተከፈለ ስለሚመዘግብ አማቶችና የእህት ልጆች ሳይቀሩ ይገኙበታል። ቀበሌዎች ከ1967 በኋላ የያዙት የቤተሰብ ቅጽም የነዋሪዎችን ስምና ዕድሜ ይዟል፤ አያያዙ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል።

በአዲስ አበባ ሕዝቡ ወመዘክር የሚለው፣ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ እንዲሁም በስድስት ኪሎ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት የሚጎበኙት ስሞችና የቦታ ስሞች በእጅ ከገቡ በኋላ ነው። ባዶ እጁን የገባ ሰው ባዶ እጁን ይወጣል። ሹመት ለነበራቸው ወይም ቤተ መንግሥት ላገለገሉ ቤተሰቦች የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «የሕይወት ታሪክ» (1915 ዓ.ም.) እና የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» ጠቃሚ ናቸው። በብራና መጻሕፍት ኅዳግ የተጻፉ የመሬት ስጦታና ሽያጭ ውሎች የሻጭን፣ የገዢንና የምስክሮችን ስም ይዘዋል፤ የታሪክ ሊቁ ዶናልድ ክረሚ የጎንደርን ዘመን የመሬት ታሪክ የጻፈው በዋናነት ከእነዚህ ነው። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች በአሜሪካ ሚኒሶታ በሂል ቤተ መዘክርና የብራና ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ጌታቸው ኃይሌ ለረጅም ዓመታት ካታሎግ ያደረጓቸው እነዚህን ነው፤ ብዙዎቹም በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይነበባሉ። ግዕዝ የሚያነብ ዲያቆን ወይም መሪጌታ ለዚህ ክፍል ከማንኛውም ሶፍትዌር ይሻላል።

በውጭ የሚኖሩ ቤተሰቦች

ወደ አሜሪካና አውሮፓ የተሻገሩ ኢትዮጵያውያን የአባት ወይም የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚመዘገብላቸው ባልና ሚስት፣ አንዳንዴም ወንድማማቾች፣ በተለያየ ስም ይገኛሉ። አንዱ ስም በላቲን ፊደል በብዙ መልክ ስለሚጻፍ በኢንተርኔት ሲፈለግ ሁሉንም መሞከር ያስፈልጋል። በእስራኤልም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በሰለሞን ዘመቻ ብቻ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ሲጓጓዙ ብዙ ወረቀት በችኮላ ተሞልቷል። የዘመን አቆጣጠሩም ጥንቃቄ ይሻል፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። በስደት ወረቀቶች ላይ «ጃንዋሪ 1» ተብሎ የሚገኝ የልደት ቀን አብዛኛውን ጊዜ ቀኑ አይታወቅም ማለት ነው። በነጻ ከሚሠሩት የውጭ ማኅደሮች ትልቁ ፋሚሊ ሰርች ቢሆንም ለኢትዮጵያ የሚጠቅመው ከመፈለጊያነቱ ይልቅ የትውልድ ዛፍ ማስቀመጫነቱ ነው። ደብተርና እርሳስም ያንኑ ሥራ ይሠራሉ።

የዘረመል ምርመራ በማስታወቂያ ብዛት የመጀመሪያ እርምጃ መስሎ ይታያል። ምርመራው ዘመድ የሚያገኘው ከተመረመሩ ሰዎች መካከል ብቻ ነው፤ ከኢትዮጵያውያን የተመረመረው ደግሞ ጥቂት ነው። ከእያንዳንዱ አያት የሚወረሰው ሩብ ገደማ፣ ከቅድመ አያት ስምንተኛ ገደማ ስለሆነ ወደ ላይ ሲወጣ ምልክቱ ይመነምናል፤ የብሔር መቶኛ ተብሎ የሚመጣውም ግምት ነው። በማደጎ ወደ ውጭ የሄዱ ልጆች ጉዳይ ይለያል። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን እስክትከለክል ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ሄደዋል፤ የሚጠይቁት ሽማግሌ ለሌላቸውና ፋይላቸው ለጎደለ ምርመራው ዋናው በር ሊሆን ይችላል። አያቱ በሕይወት ያሉለት ሰው ግን ለምርመራው ያሰበውን ገንዘብ ለአገር ቤት የአውቶቡስ ትኬት ቢያውለው ይሻላል።