የጾም ድስት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ላጫውታችሁ፤ ነገሩ የበቆሎ ነገር ነው፣ ጥድፊያ አይወድም።

በ2007 ዓ.ም. በኅዳር እናቴ ከቡሬ ተነሥታ እኔን ለማየት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጥታ ነበር፤ ከመጣችም ሳምንት ሳይሞላት የነቢያት ጾም ገባ። አሜሪካኖቹ የምስጋና ቀናቸውን የሚያከብሩት በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነውና፣ ያን ዓመት በእኛ ኅዳር 18 ላይ ዋለ፤ ጾሙ በገባ በአራተኛው ቀን መሆኑ ነው።

ከቤታችን ፊት ለፊት ጆርጂያ ተወልደው ያደጉ አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ «እማማ» ስንላቸው ትርጉሙን ጠይቀው ወደውት ነበር። እኚህ ሴት ለበዓሉ ጠሩን፤ እኔም እያፈርኩ «እናቴ ጾመኛ ናት፣ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት አትነካም፤ እህል የምትቀምሰውም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው» አልኳቸው፤ ዝም ብለው ቆዩ፤ ቆይተውም «በቆሎስ ትበላለች?» አሉኝ።

የቡሬን ሰው በቆሎ ትበላለች ወይ ብሎ ጥያቄ!

በበዓሉ ዋዜማ፣ ረቡዕ ዕለት፣ ዝናብና በረዶ ተቀላቅሎ ይወርድ ነበር፤ እናቴም ጋቢዋን ተከናንባ ክንዴን ያዘችና መንገዱን በቀስታ ተሻገርን፤ ስንገባም የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ገለባው ያልተገፈፈ በቆሎ ተከምሯል፤ እናቴም አንዱን ገፈፈችና ጥፍሯን ጫነችበት፣ ወተቱም ፊቷ ላይ ተረጨ፤ «እሸት በኅዳር!» ብላ ሳቀች። እሷ አገር ኅዳር በቆሎ ደርቆ የሚሰበሰብበት ወር ነዋ። ደግሞም አባቶቻችን ይህን እህል «የባሕር ማሽላ» ይሉት ነበር፤ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ነው፣ እኛ ዘንድ የደረሰው ባሕር አቋርጦ ነው፤ አሁን ደግሞ እሷ ባሕር አቋርጣ መጣችበት።

እማማ ሊሠሩት ያሰቡት የበቆሎ ምግብ በወጉ ሲሠራ ቅቤና ክሬም ይገባበታል፤ እማማም አንዱን ድስት እንደወጉ ጣዱት። ለእናቴ ግን አዲስ ድስት አወጡ፣ ቢላውንም በሙቅ ውኃ ሁለቴ አጠቡት፤ እናቴ ይህን አየች፣ ምንም አላለችም፤ ጋቢዋን አውልቃ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

ከዚያ እማማ በቆሎውን ሰፊ ሳህን ውስጥ አቆሙና ፍሬውን ከሥሩ ሳይሆን ከወገቡ ላይ ቆረጡት፤ ቀጥሎም ቢላውን ገለበጡና በጀርባው ቆረቆንዳውን ከላይ ወደ ታች ፋቁት፤ ያን ጊዜ ሥሩ የቀረው ነጭ ወተት ወፍሮ ሳህኑ ውስጥ ተንጠባጠበ። የምግቡ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ ክሬሙን ቆረቆንዳው ራሱ ይሰጣል። እናቴም ቢላውን ተቀብላ ሁለተኛውን ፋቀች፣ ሦስተኛውንም ፋቀች፤ እኔም ማስተርጎሜን ተውኩት፣ የሚፈልገኝ አልነበረም። «ላም የሌለበት ወተት» አለች ለራሷ።

ስምንቱ በቆሎ ሲያልቅ ጥቂት ዘይት ሞቀ፣ ፍሬው ከነወተቱ ገባ፣ ግማሽ ስኒ ውኃና ጨው ተከተለ፤ እሳቱም ዝግ አለ። ሙቀቱ እየዘለቀው ሲሄድ ስታርቹ ውኃውን ይይዘዋል፣ ድስቱም እንደ ሽሮ ቱፍ ቱፍ ይላል። የአሜሪካ ጣፋጭ በቆሎ ግን ስኳሩ እንጂ ስታርቹ ብዙ አይደለም፤ ስለዚህ አንድ ማንኪያ የበቆሎ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው ጨመሩበት። ሃያ ደቂቃ ያህል ሲማሰል ቆየ፤ መጨረሻ ላይ ቁንዶ በርበሬ ተነሰነሰበት።

ሐሙስ ለሰባት ሰዓት የተጠራው ቤተ ዘመድ ሁሉ ተሰበሰበ፤ ተርኪው ታርዶ፣ ተጠብሶ፣ መሀል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እማማ ግን ማንም ማንኪያ እንዲያነሳ አልፈቀዱም፤ ልጆቹ ይንቆራጠጣሉ፣ ተርኪው ይቀዘቅዛል፣ እሳቸው ሰዓቱን ያያሉ። ልክ ዘጠኝ ሲሆን ተነሡና ከሁሉ አስቀድመው ከጾሙ ድስት ለእናቴ ጨለፉላት። እናቴም ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው።

የጾሙ ድስት ተጠርጎ አለቀ፤ ከባለ ቅቤው ግን ግማሹ ተረፈ። እናንተም ብትሞክሩት፣ አደራ፣ ከድስቱ አትራቁ፤ እኔ ብቻዬን በሠራሁ ጊዜ ስልክ ላነሣ ዞር ብዬ ሥሩ አረረብኝ፣ ሽታውም ሁለት ቀን ከቤቴ አልወጣ አለ።