የድንጋይ ፍግ ዋጋ

በምኖርባት ኮሎምበስ የዳይኖሰር ቅሪት የሚፈልግ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው፤ የኦሃዮ አለት ከዳይኖሰር ዘመን ይቀድማል። የጥንት እንስሳት ፍግ ድንጋይ ሆኖ ለገበያ የወጣው በእንግሊዝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1829 ዊሊያም በክላንድ «ኮፕሮላይት» ብሎ ሲሰይመው የሊቃውንት መደነቂያ ነበር፤ እርሱ ራሱ ተቆርጦና ተወልውሎ የተለበጠበት ጠረጴዛ ነበረው። በ1842 ጆን ቤኔት ሎውስ ፎስፌትን በሰልፈሪክ አሲድ ወደ ማዳበሪያ የመለወጥ ፓተንት አገኘ። ከዚያ በኋላ የካምብሪጅሻየር እርሻ የማዕድን ጉድጓድ ሆነ። በኮፕሮላይት ስም ከተሸጠው ብዙው ግን ፍግ ሳይሆን ተራ የፎስፌት ድንጋይ ነበር፤ ገበያው ስለ ምንጩ አልጠየቀም። ርካሽ ፎስፌት ከደቡብ ካሮላይና ሲመጣ ጉድጓዶቹ ተራ በተራ ተዘጉ።

ድንጋዩን ሀብት ያደረገው ኬሚስትሪ፣ ያረከሰው ንግድ ነው። ለሀገራችን የማዳበሪያ ፖሊሲም ትምህርቱ ይኸው ነው፦ ክምችት ማግኘት ብቻውን አይበቃም፤ አሲዱን፣ ማጓጓዣውንና የዓለምን ዋጋ አብሮ ማስላት ያሻል።