የቪዲዮ ጌም ትንበያና ያልታያቸው ነገር

ሰሞኑን በኮምፒዩተር ክፍላችን በር ላይ ተማሪዎች «ጌም ከዚህ በኋላ ወዴት ይሄዳል?» እያሉ ሲከራከሩ ሰማን። አንዱ፣ ሁሉም ሰው መነጽር አድርጎ ጨዋታው ውስጥ ይገባል ይላል፤ ሌላዋ፣ ጌሙን ማሽን ራሱ ይሠራዋል ትላለች። እኛ የታሪክ አስተማሪዎች ነንና ወደ ኋላ ማየት ይቀለናል። ስለዚህ ድሮ የተተነበየው የት እንደደረሰ ልናወጋችሁ ፈለግን። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1983 የአሜሪካ የጌም ገበያ ወደቀ። ኩባንያዎች እየተሻሙ፣ በጥድፊያ የተሠራ ጌም ገበያውን አጥለቀለቁት፤ ገዢው ሰለቸው፣ ዕቃው ሱቅ ውስጥ ተከመረ። በዚያ ዓመት 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የነበረው ሽያጭ በ1985 ወደ 100 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። አታሪ የተባለው ኩባንያ ያልተሸጡ ካሴቶቹን ኒው ሜክሲኮ ውስጥ፣ በአላሞጎርዶ ከተማ ቆሻሻ መጣያ ቀበረ። ለብዙ ዓመት ብዙ ሰው ተረት ነው ሲለው ቆይቶ በ2014 ተቆፍሮ ወጣ። ያኔ የብዙዎች ትንበያ አንድ ነበር፦ ጌም አላፊ ፋሽን ነበር፣ አበቃለት። ባለሱቆችም ጌም የሚባል ነገር አናስገባም አሉ።

ኒንቴንዶ ግን በ1985 መጣ። ይህ የጃፓን ኩባንያ በ1889 ሲቋቋም የመጫወቻ ካርታ ይሠራ ነበር። ለአሜሪካ ባለሱቆች ማሽኑን ከትንሽ ሮቦት ጋር አቀረበላቸው፤ መጫወቻ አሻንጉሊት መስሏቸው እንዲቀበሉት ነው። ሮቦቱ የሚሠራው ከ2 ጌሞች ጋር ብቻ ነበር! ዘዴው ግን ሠራ፤ ገበያውም ነፍስ ዘራ።

በ1990ዎቹ ደግሞ ትንበያው ተገለበጠ፤ ሁሉም ዓይኑ ላይ መነጽር ይደቅናል ተባለ። (የተማሪያችን ሐሳብ አዲስ አይደለም ማለት ነው።) ያው ኒንቴንዶ በ1995 «ቨርቹዋል ቦይ»ን አወጣ። ምስሉ ቀይና ጥቁር ብቻ ነበር፣ ራስ ያሳምማል ተብሎ ተማረሩበት፤ ዓመት ሳይሞላው ከገበያ ወጣ።

በ1997 ኖኪያ 6110 ስልክ ላይ ታኔሊ አርማንቶ የሚባል ፊንላንዳዊ የሠራው የእባብ ጨዋታ ገባ። ከእኛ መሀል ብዙዎቻችን ጌም የቀመስነው በዚህ እባብ ነው፣ ያውም በሰው ስልክ፣ «ባትሪዬን ጨረስከው!» እየተባልን። ዛሬ ከዓለም የጌም ገቢ ግማሽ ያህሉ ከሞባይል ነው የሚገኘው። ተንባዮቹ ማሽኑን ሲያዩ ማሽኑ በማን እጅ እንደሚገባ አላዩም።

ማን ይሠራዋል የሚለውንም እንዲሁ። ሉዋል ማየን ወላጆቹ የሱዳንን ጦርነት ሸሽተው ሲሄዱ በመንገድ ላይ ተወለደ፤ ያደገው በሰሜን ዩጋንዳ የስደተኞች ካምፕ ነው። እናቱ 3 ዓመት ቆጥበው በ300 ዶላር ላፕቶፕ ገዙለት። እሱን ቻርጅ ለማድረግ 3 ሰዓት በእግሩ ይሄድ ነበር። ፕሮግራም መጻፍን ራሱን አስተምሮ «ሰላም» የተባለ ጌም ሠራ፤ ተጫዋቹ ከጦርነት የሚሸሽ ሰው ነው፣ ውሃና ምግብ እየፈለገ ይሮጣል። በ2018 በአሜሪካ ታላቁ የጌም ሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ ዕውቅና ተሰጠው።

ይህን ለተከራካሪዎቹ ስንነግራቸው ስለ መነጽሩ ማውራት ተዉ። ልጅቷ «ቻርጁ ስንት ሰዓት ይቆይለት ነበር?» ብላ ጠየቀችን።