ደምቢያ የወለደችው ሥርዓተ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና በስተሰሜን በተንጣለለው የደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ 7 ሺህ ያህል ሰው ፈጀ። በአገሪቱ አንድም የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ኢትዮጵያዊ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር። በዓመቱ፣ በ1954፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ጎንደር ላይ ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ ከመንግሥት ጎን ቆመው ነበር።

እኔ የዚያ ኮሌጅ ሳኒታሪያን ነኝ፤ እስከ ዛሬ የምኮራበትም ትምህርቱ በተቀረጸበት መንገድ ነው። መነሻው ገጠር ላይ የሚከፈት አንድ ጤና ጣቢያ ማን ማን ያስፈልገዋል የሚል ጥያቄ ነበር። ከዚያ ሦስት ሙያ ወጣ፦ ታማሚ የሚያይና ጣቢያውን የሚመራ የጤና መኮንን፣ ቤት ለቤት እየዞረች እናትና ሕፃን የምትከታተል የኅብረተሰብ ነርስ፣ ስለ ውኃና ስለ ሽንት ቤት የሚጨነቅ ሳኒታሪያን።

ሦስታችንም ቆላድባን በመሰሉ ጤና ጣቢያዎች በአንድ ቡድን እንሠለጥን ነበር። ነርሷ በአንድ ሠፈር ተቅማጥ የያዛቸው ሕፃናት ሲበዙባት ለእኔ ትነግረኛለች። ወደ ምንጩ እወርዳለሁ፤ ከብትና ሰው አብረው የሚጠጡበት ከሆነ የአገር ሽማግሌዎቹን ለምነን እናጥረዋለን፣ እናጎለብተዋለን። የጤና መኮንኑ እያከመ የታማሚው ቁጥር ቀነሰ አልቀነሰ እያለ መዝገቡን ያገላብጣል። አንዳችን ብንጎድል የሌሎቹ ልፋት ከንቱ እንደሆነ ከመምህር አፍ ሳንሰማ ገባን።

በኋላ በተቀመጥሁባቸው የሥርዓተ ትምህርት ስብሰባዎች ቀጣሪው መሥሪያ ቤት የሚጠራው ሰነዱ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነበር። ያን ጊዜ የሚመጣው ደግሞ ለማጽደቅ እንጂ ለመናገር አይደለም። ጎንደር ላይ ተመራቂውን የሚቀጥረው መንግሥት ከመጀመሪያው ውይይት ጀምሮ ነበረበት፤ ስለዚህ የተማርነውና የተመደብንበት ሥራ አልተጣረሰብንም።

በ1978 ከላይፕሲግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የሐኪሞች ትምህርት ተጀመረ። በደርግ ዘመን የጤና መኮንን ሥልጠና ቆመ። ያን ውሳኔ ዛሬም አልቀበለውም፤ ወረዳዎቹ ሐኪም ሳያገኙ የጤና መኮንናቸውን አጡ። ሥልጠናው የተመለሰው በ1990ዎቹ ነው። የቡድኑ ልምምድ ግን ቀጥሏል፤ ተማሪዎቹ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ቲቲፒ (የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም) ይሉታል፤ አሁን የሕክምና ተማሪውም ከነርሷና ከአካባቢ ጤናው ተማሪ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ይወርዳል።